ስለ ኤስቶንያ ረግረግና ስለ ግራጫዎቹ ወፎች

ከዚህ ቀደም ስለ ውርስ ክፍያ፥ ስለ ሞግዚትነት፥ ባልና ሚስትም ወደ ዳኛ ሳይደርሱ በሽማግሌ ስለሚታረቁበት መንገድ ስንጽፍላችሁ ቆይተናል። ሥራችን በችሎት ፊት የሚነገረውን ቃል መጻፍ ስለ ሆነ፥ ከዚያ የወጣ ነገር እምብዛም አናውቅም። ዛሬ ግን ኤስቶንያ ስለምትባለው ትንሽ የሰሜን አገር ዱርና ረግረግ ልንጽፍላችሁ ወደድን። ይህም የሆነበት ምክንያት፥ ባለፈው ዓመት ፍርድ ቤት በሚዘጋበት ወራት የእኅታችን ልጅ «ጋሼ፥ አንድ ጊዜ እንኳ መጥተው ቤቴን ይዩልኝ» እያለ ሁለት ዓመት ሙሉ ከለመነን በኋላ፥ የመንገዱን ገንዘብ ራሱ ከፍሎ ስለ ወሰደን ነው። እርሱ ታርቱ በምትባለው ከተማ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ፥ የዚያን አገር ልጅ አግብቶ፥ የሰባት ዓመት ሴት ልጅ ወልዶ ይኖራል። በዚህ ጽሕፈት የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ኤስቶንያ በባልቲክ ባሕር ዳር፥ ከሩስያ በስተ ምዕራብ፥ ከላትቪያ በስተ ሰሜን የምትገኝ አገር ናት። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የመልክዓ ምድር መምህራችን በግድግዳ ላይ በሰቀሉት ካርታ ይህች ምድር ከሶቪዬት ኅብረት ጋር በአንድ ቀለም ተቀብታ ስለ ነበረች፥ ስምዋን ሳንማር ወጣን። ነጻነትዋን እንደ ገና ያገኘችው በ1991 ዓ.ም. ነው። ስፋትዋ 45,000 ካሬ ኪሎሜትር ያህል ሲሆን የሕዝብዋ ቁጥር ወደ 1.4 ሚሊዮን የሚጠጋ ነው፤ ይኸውም ከአዲስ አበባ ሕዝብ ያነሰ ነው። ከምድርዋ እኩሌታው ደን ነው፤ ደሴቶችዋም ከ2,000 ይበልጣሉ። ስለ ተራራ ግን ባንጠይቅ ይሻል ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ተራራቸው ከፍታው 318 ሜትር ነው፤ ስሙም ሲተረጐም «ትልቁ የእንቁላል ተራራ» ማለት ነው። እኛ የተወለድንበት የጣና ሐይቅ ውሃው ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኝ ስለ ሆነ፥ የእኅታችን ልጅ ተራራውን በኩራት ሲያሳየን ሳቃችንን በመሐረብ ሸፈንን።

በዚህች ትንሽ አገር 6 ብሔራዊ ፓርኮች አሉ። ከሁሉ ታላቅ የሆነው ላሄማ በ1971 ዓ.ም. ሲቋቋም፥ በዚያን ጊዜ በነበረው በሰፊው የሶቪዬት ኅብረት ውስጥ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ነበር። ቪልሳንዲ፥ ሶማና ካሩላ በ1993፥ ማትሳሉ በ2004፥ አሉታጉሴ በ2018 ዓ.ም. ተከተሉ። ነገር ግን የጥበቃው ሥራ ከነዚህ ሁሉ ይቀድማል። ገና በ1910 ዓ.ም. በቪልሳንዲ ደሴት የመርከብ መብራት ጠባቂ የነበረው አርቱር ቶም፥ ሰዎች በጀልባ እየመጡ የባሕር ወፎችን እንቁላል ሲለቅሙ አይቶ፥ ቫይካ የሚባሉት ትንንሽ ደሴቶች ለወፎች እንዲከለሉ ያደረገ ሰው ነው። የመብራት ጠባቂ ማለት እንግዲህ እንደኛ ያለ ትንሽ ሹም ነው። ይህን ስንሰማ ደስ አለን።

በመጀመሪያው ሰንበት ወደ ላሄማ ሄድን። ላሄማ ማለት የባሕር ወሽመጦች ምድር ማለት ነው። በባሕሩ ዳር ቤት የሚያህሉ ድንጋዮች ብቻቸውን ቆመው ይታያሉ፤ እነርሱንም በጥንት ዘመን ምድሩን ሁሉ ሸፍኖ የነበረው በረዶ ከፊንላንድ በኩል እየገፋ አምጥቶ የጣላቸው ናቸው። በሶቪዬት ዘመን ይህ የባሕር ዳር የጠረፍ ክልል ስለ ነበረ ያለ ፈቃድ አይገባበትም ነበር፤ ዓሣ አጥማጁም እንደ ልቡ ጀልባውን ወደ ባሕር መግፋት አይችልም ነበር። ሰው የተከለከለውን ያህል አውሬው ተመቸው ይላሉ። እኛ ግን ወደዚያ የሄድነው ባሕሩን ለማየት ሳይሆን ቪሩ የሚባለውን ረግረግ ለማየት ነበር።

አንባቢ ረግረግ ሲባል በክረምት የሚጨቀየውን የከብት መስክ እንዳያስብ። ይህ ሌላ ነገር ነው። በረዶው ከቀለጠ በኋላ፥ ይኸውም ከ10,000 ዓመት ገደማ ጀምሮ፥ ውሃው ማለፊያ ባጣበት ቦታ ሥር የሌለው ለስላሳ ቅጠል በቀለ፤ ሊቃውንቱ ስፋግነም ይሉታል። ይህ ቅጠል እንደ ሰፍነግ ውሃ ይመጥጣል፤ ከላይ ሲያድግ ከታች ይሞታል፤ የሞተው ግን በውሃው ቅዝቃዜና ኮምጣጣነት ምክንያት ደኅና አድርጎ አይበሰብስም። ስለዚህ በየዓመቱ አንድ ሚሊሜትር ያህል እየተደራረበ ከብዙ ሺህ ዓመት በኋላ ብዙ ሜትር ጥልቀት ያለው አልጋ ሆነ። በዚህ አልጋ ላይ የበቀለው ጥድ ምግብ ስለማያገኝ፥ መቶ ዓመት የኖረው ዛፍ ከእኛ ቁመት አይበልጥም። በየመካከሉ እንደ ጠላ የጠቆረ ውሃ ያለባቸው ኩሬዎች አሉ፤ ሰማዩም ተገልብጦ ይታይባቸዋል። በኩሬው ዳር ደግሞ ትንኝ የሚበላ ቀይ ቅጠል አለ፤ ምድሩ የነፈገውን ከትንኝ ይወስዳል።

መሄጃው የሳንቃ መንገድ ነው፤ ርዝመቱ 3 ኪሎሜትር ተኩል ያህል ሲሆን ስፋቱ ሁለት ሰው ጐን ለጐን አያሳልፍም። ሕፃኒቱ ከፊት ከፊታችን እየሄደች «አባባ፥ ከሳንቃው አትውረድ» ትለናለች። (አማርኛ ከአባትዋ ብቻ ስለ ተማረች አንቱታ የሚባለውን ነገር ገና አታውቅም፤ እኛም አላረምናትም።) የሕፃን ምስክርነት በጥንቃቄ ሊሰማ እንደሚገባ ሃያ ዓመት ሙሉ በመዝገብ ስንጽፍ የኖርን ሰዎች፥ ይህችን ሕፃን አልሰማናትም። አንድ ቀይ ፍሬ ለመቅጠፍ ብለን አንድ እግራችንን ከሳንቃው ውጭ ብናሳርፍ እስከ ጉልበታችን ሰመጥን። የእኅታችን ልጅ በደረቱ ተኝቶ ጐተተን፤ እግራችን ወጣ፥ ጫማችን ግን አልወጣም። ያ ረግረግ የገባበትን ነገር ቶሎ አያበሰብስምና፥ ከሺህ ዓመት በኋላ አንድ ሊቅ ቆፍሮ ሲያወጣው ስለ እግራችን ብዙ የሚጽፍ ይመስለናል። ሕፃኒቱ አልሳቀችም። «ነግሬህ ነበር» አለችን እንጂ።

በረግረጉ ዳር ግን ዓይን የማያስደስት ነገር አየን። አንድ ጊዜ ያ የቅጠል አፈር እየደረቀ የተፋቀበት ሜዳ ነበረ፤ ፍቀቱ ከቆመ ብዙ ዓመት ቢሆነውም፥ ምድሩ ገና ቡኒና ራቁቱን ነው። በዓመት አንድ ሚሊሜትር የሚያድግን ነገር በማረሻ ፍቆ መልሶ መጠበቅ ምን እንደ ሆነ ያስቡት። አፈሩ በሌላ ስፍራ ዛሬም እየተፋቀ ለአትክልት ማሳደጊያ ወደ ውጭ አገር ይሸጣል። ስለ ደኑም እንዲሁ በመካከላቸው ጠብ አለ፤ እኩሌቶቹ ዛፍ መቍረጡ በዝቷል ይላሉ፥ እኩሌቶቹም እንጀራችን ነው ይላሉ። እንግዳ በሰው ቤት ጠብ አይገባምና ዝም ብለን ሰማን።

ሶማ ወደሚባለው ፓርክ የሄድነው ለአንድ ቀን ብቻ ነው፤ የሄድንበትም ጊዜ መልካሙ ጊዜ አልነበረም። ሶማ ማለት የረግረግ ምድር ማለት ነው። የዚያ ሰዎች ዓመት አምስት ወቅት አለው ይላሉ፤ አምስተኛውም በክረምትና በፀደይ መካከል የሚመጣው የጐርፍ ወቅት ነው። ከደጋው በረዶው ሲቀልጥ ወንዞቹ ሁሉ በዚያ ዝቅተኛ ሜዳ ይገናኛሉ፤ መውጫ ሲያጡ መስኩንም ደኑንም መንገዱንም ያለብሱታል። ከሁሉ የበለጠው ጐርፍ የተመዘገበው በ1931 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ሰው ከቤቱ ወደ ከብቶቹ በረት የሚሄደው በጀልባ ነው። ጀልባውንም «ሀብያስ» ይሉታል። አስፐን የሚባለውን አንድ ዛፍ ቈርጠው ውስጡን ይቦረቡራሉ፤ ከዚያም ስስ የሆነውን ጐን በውሃ እያራሱ በእሳት እያሞቁ ቀስ በቀስ ይከፍቱታል። ይህን ሥራ የሚያውቁት ሰዎች ጥቂቶች ስለ ቀሩ፥ ዩኔስኮ በ2021 ዓ.ም. አስቸኳይ ጥበቃ በሚያስፈልጋቸው ቅርሶች መዝገብ አግብቶታል። እኛ በጣና ላይ በደንገል ታንኳ ያደግን ስለ ሆነ በእርሱ ውስጥ ለመቀመጥ አልፈራንም። ቀዛፊው ግን ያለ መናወጥ በመቀመጣችን ተደንቆ የየት አገር ሰው እንደ ሆንን ጠየቀ።

አሁን ወደምናውቀው ነገር፥ ወደ ሕጉ እንመለስ። በየደኑ ስንዞር አንድ ነገር ያስጨንቀን ነበር፤ ይኸውም ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ ሳንጠይቅ በሰው ደን ገብተን የሰው ፍሬ መልቀማችን ነው። የሁከት ይወገድልኝ ክስ ሲጽፍ የኖረ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር በሰላም አይመለከትም። ምራታችን ግን «በእኛ አገር ይህ የሁሉ ሰው መብት ነው» ብላ አስረዳችን። ከጥንት የኖረው ልማድ ዛሬ በ2014 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው በአካባቢ ጥበቃ ጠቅላላ ሕግ ተጽፏል። ባለቤቱ አጥር ካላጠረ ወይም ምልክት ካላቆመ፥ ሰው ሁሉ በእግሩ በሰው ደን ሊያልፍ፥ የጫካ ፍሬና እንጉዳይ ሊለቅም ይችላል። ባለቤቱ ካጠረ ወይም ምልክት ካቆመ ግን ፈቃዱን መጠየቅ ግድ ነው። የበቀለ አዝመራ መርገጥ፥ በሰው ግቢ ውስጥ መግባት፥ ባልተፈቀደ ስፍራ እሳት ማንደድ ክልክል ነው። በወንዝና በሐይቅ ዳርም እግረኛ የሚያልፍበት መሬት ይተዋል፤ መርከብ በሚሄድበት ውሃ ዳር ስፋቱ 10 ሜትር፥ በሌላው 4 ሜትር ነው፤ የመሬቱም ባለቤት ሊዘጋው አይችልም። የመንግሥት ደን አስተዳደርም በየጫካው ትንንሽ ጐጆ ሠርቶ፥ እንጨት ፈልጦ ደርድሮ፥ ማንም ያለ ክፍያ እንዲያድርበት ትቶታል። «እንጨቱን ማንም አይሰርቀውምን?» ብለን ጠየቅን። «አንዳንድ ጊዜ ይሰረቃል» አለች ምራታችን፤ ከዚያም ወሬው ወደ ሌላ ነገር ሄደ።

ስለዚህ የ4 ሜትር መንገድ ብዙ አሰብን። ወደ ምንጭ የሚወስደውን የእግር መንገድ ጐረቤት ዘግቶበት ሰባት ዓመት የተሟገተ አንድ ቤተ ሰብ እናውቃለን፤ መዝገቡን የጻፍነው እኛ ነንና። ፍርዱ ሲሰጥ ከሳሿ እናት ሞተው ነበር።

ከዚህ በኋላ ወደ ምዕራቡ ባሕር ዳር፥ ወደ ማትሳሉ ሄድን። ምራታችን የተወለደችበት እዚያ ነው፤ አባትዋም እስከ ዛሬ እርሻቸውን ይዘው ይኖራሉ። ማትሳሉ ካሳሪ የሚባለው ወንዝ ወደ ባሕር የሚገባበት፥ ሸንበቆና የሣር መስክ የሞላበት ዝቅተኛ ወሽመጥ ነው። ምድሩ ደግሞ ከዚያ ከጥንቱ በረዶ ሸክም ገና እያገገመ በዓመት ሁለትና ሦስት ሚሊሜትር ከባሕር ይነሣል፤ ስለዚህ የአያት ጀልባ የታሰረችበት ቦታ ለልጅ ልጅ የከብት መስክ ይሆናል። (እንዲህ ያለው አዲስ መሬት የማን ርስት ይሆናል? ብለን ብንጠይቅ ሽማግሌው ሳቁ፤ «አንተ በበዓልም ቀን ሥራ ትሠራለህ» አሉን።) ስፍራው በ1957 ዓ.ም. ለወፎች ተከለለ፤ በፀደይና በመከር ወራትም የውሃ ወፎች ከሰማይ እስከ ምድር ይሞሉታል። ወፍ ለማየት ለሚመጣ ሰው በየስፍራው ማማ ሠርተውለታል።

ወደ ማማው የወጣነው በመሸ ጊዜ ነው። ፀሐይዋ ስትጠልቅ ከእርሻው በኩል ድምፅ ሰማን፤ መለከት የሚመስል፥ ከሩቅ የሚመጣ፥ የሚሰነጠቅ ድምፅ ነው። የእኅታችን ልጅ «ጋሼ፥ ክሬን የሚባለው ወፍ ነው፤ እነርሱ ኩርግ ይሉታል» አለን። እኛ ግን ስሙን ሳይነግረን በፊት ድምፁን አውቀነው ነበር። ረጅም እግር፥ ረጅም አንገት፥ አመድ የመሰለ ግራጫ ሰውነት ያላቸው፥ ቁመታቸው ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ወፎች በመቶና በመቶ ሆነው እየመጡ በውሃው ዳር ለማደር ይወርዱ ነበር። በልጅነታችን ስማቸውን አናውቅም ነበርና «ግራጫዎቹ» እንላቸው ነበር።

የዚያ አገር የወፍ ሊቃውንት በእነዚህ ወፎች ላይ በሳተላይት የሚከታተሉትን ትንሽ መሣሪያ እያሰሩ መንገዳቸውን መርምረዋል። ሦስት መንገድ አገኙ። አንደኛው በምዕራብ ወደ እስጳንያ፥ ሁለተኛው በሀንጋሪ በኩል ወደ ሰሜን አፍሪካ ይሄዳል። ሦስተኛው በምሥራቅ አውሮጳ፥ በቱርክና በእስራኤል አልፎ ወደ ኢትዮጵያ፥ ይልቁንም ወደ ጣና ዙሪያ ይደርሳል። ይህ ከ5,000 ኪሎሜትር የሚበልጥ ጉዞ ነው። ወፎቹ ባልና ሚስት ሆነው ለብዙ ዓመት አብረው ይኖራሉ፤ ሁለት እንቁላል ይጥላሉ፤ ጫጩቱም በመጀመሪያው ዓመት ከአባትና ከእናቱ ጋር ሆኖ መንገዱን ይማራል። እንግዲህ እነዚያ በፊታችን የነበሩት ከፊሎቹ፥ እኛ ወደ ቤታችን ስንመለስ ተከትለውን የሚመጡ ነበሩ።

አባታችን ከጣና በስተ ምሥራቅ በፎገራ ሜዳ ሽምብራ ይዘሩ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነን፥ ጠዋት ከየኔታ ዘንድ ዳዊት እንደግማለን፥ ከቀትር በኋላ ማማ ላይ ወጥተን ወፍ እንጠብቃለን። ግራጫዎቹ በኅዳር ይመጡና ቡቃያውን በመንቈራቸው እየነቀሉ ዘሩን ይበላሉ። በአንድ ቀን እኛ የተማርነውን እየደገምን በማማው ላይ እንቅልፍ ወሰደን፤ ስንነቃ ከአንድ ጥማድ መሬት ላይ የተረፈ ቡቃያ አልነበረም። አባታችን አልመቱንም። ሂደው ከአንድ ባለጸጋ እህል ተበደሩ። በዚያ ዓመት እናታችን ማዕድ ሲቀርብ «እኔ ጠግቤአለሁ» የምትለውን ቃል አበዛች።

እኛም ወፎቹን ጠላናቸው። አንድ ቀን በወንጭፍ ወርውረን ከመካከላቸው የአንዲቱን ክንፍ ሰበርን። ሌሎቹ ሲነሡ አንዱ አልሄደም። ሦስት ቀን ሙሉ በእርሻው ዳር ከእርስዋ አጠገብ ቆመ፤ ሰው ሲቀርብ ይነሣል፥ ዞሮ ይመለሳል፥ ይጮኻል። በሦስተኛው ሌሊት ቀበሮ በላት። አባታችን ማማው ሥር መጥተው ላባውን ካዩ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን፤ «ልጄ፥ ሽምብራውን የበላችው እርስዋ መሆንዋን በምን አወቅህ?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ከዚያ ወዲህ በብዙ መዝገብ ላይ ይህን ጥያቄ አስበነዋል።

ይህን ታሪክ ለባለቤታችን እንኳ ነግረናት አናውቅም። በዚያ ምሽት ግን በሽማግሌው ቤት እራት ላይ ተናገርነው። እንዴት እንደ ጀመርን ልንገራችሁ። ሽማግሌው አዲስ የዘሩትን ስንዴ ግራጫዎቹ ረግጠው በልተውባቸው ነበርና፥ በገበታው ላይ አንድ ወረቀት ዘርግተው በመነጽር ይሞሉ ነበር። ወረቀት ያየ ጸሐፊ ዝም ሊል አይችልምና ምን እንደ ሆነ ጠየቅን። የጉዳት ካሣ መጠየቂያ ነው። በዚያ አገር የተፈጥሮ ጥበቃ ሕግ መሠረት፥ በጉዞ ላይ ያሉ ክሬኖችና ዝይዎች በአዝመራ ላይ ላደረሱት ጉዳት፥ እንዲሁም ተኩላ፥ ድብና ሊንክስ የሚባለው የዱር ድመት በከብት ላይ ላደረሱት ጉዳት፥ መንግሥት ካሣ ይከፍላል። ሹም መጥቶ መሬቱን ያያል፥ ይለካል፥ ይጽፋል። ጉዳቱ ሁሉ አይከፈልም፤ ከፊሉን ገበሬው ይሸከማል፥ ለካሣውም ልክ ተወስኖለታል። ሽማግሌው ልኩ ትንሽ ነው ብለው አጕረመረሙ። እኛም ወረቀቱን ተቀብለን፥ ቋንቋውን ባናውቅም፥ ሠንጠረዡን ብቻ እያየን ቆየን፤ የስም ቦታ፥ የመሬቱ ቍጥር፥ የአዝመራው ዓይነት፥ የወፉ ዓይነት፥ ቀን፥ ፊርማ። እንዲህ ባለው ወረቀት ላይ የአባታችን ስም ተጽፎ ታየን።

ስለዚህ ተናገርን። የእኅታችን ልጅ ይተረጕም ነበር፤ ክንፍዋ ተሰበረ ከሚለው ቃል ሲደርስ ጥቂት ቆሞ አየን፥ ከዚያም ተረጐመው። ምራታችን ሳህን ማንሣቷን ተወች። ሽማግሌው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ ስለ ወፏ ይጠይቁናል ብለን ስንጠብቅ፥ «ሽምብራው ስንት ሄክታር ነበር?» አሉን። «ሩብ ሄክታር ይሆናል» አልናቸው። «ማን ከፈላቸው?» አሉ። «ማንም» አልን። ወረቀታቸውን አጥፈው ከዳቦው ቅርጫት ሥር አኖሩት፤ ለእኛም ዓሣ ጨመሩልን። ሕፃኒቱ ግን ከእናትዋ ጕያ ሆና ስትሰማ ኖራ «አባባ፥ ሁለተኛውስ የት ሄደ?» አለችን። «አላወቅንም» አልናት። እርስዋም ይህን መልስ አልወደደችውም፤ እስክትተኛ ድረስ ሁለት ጊዜ መልሳ ጠየቀችን።

እስከ ሳምንቱ መጨረሻ እዚያው ቈየን። በመጨረሻው ቀን ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ከሰሜን ነፈሰ። ወደ አራት ሰዓት ገደማ፥ ምድሩ ሲሞቅ፥ ግራጫዎቹ ከመስኩ ተነሥተው በአንድ ቦታ እየዞሩ ወደ ላይ ይወጡ ጀመር። ክንፋቸውን እምብዛም አያራግቡም፤ የሞቀው አየር ያነሣቸዋል። ከላይ ሲደርሱ ክቡ ፈርሶ እንደ ማረሻ ቅርጽ ተሰለፉና ወደ ደቡብ ሄዱ። ሕፃኒቱ መቍጠር ጀምራ ነበር፥ ከሰባ በኋላ ተሳሳተች። ሽማግሌው እጃቸውን ከዓይናቸው በላይ አድርገው እስኪጠፉ ድረስ አዩአቸውና ወደ እኛ ዞረው አንድ ነገር ተናገሩ። የእኅታችን ልጅ እየሳቀ «ከእንግዲህ ሂሳባቸው በእናንተ ላይ ነው ይላሉ» አለን።

ወደ አገራችን ተመልሰን ችሎት ከተከፈተ በኋላ፥ በኅዳር ወር መጨረሻ የአባታችንን መሬት የሚያርሰውን ታናሽ ወንድማችንን በስልክ ጠራነው። ጤንነቱን፥ የልጆቹን፥ የበሬዎቹን ሁናቴ ከጠየቅን በኋላ «ግራጫዎቹ መጡ ወይ?» አልነው። «መጥተዋል አያ፥ ሩዙ ከታጨደበት ላይ ናቸው፤ ወደ ሽምብራው ገና አልተሻገሩም። ልጆቹ ማማ ላይ ናቸው» አለን። «ወንጭፍ ይዘዋልን?» ብንለው፥ «ያለ ወንጭፍ በምን ይጠበቃል?» አለ። ጅራፍ ማጮኽ ብቻ ይበቃል፥ ድምፁን ሲሰሙ ይነሣሉ አልነው፤ ስለ ኤስቶንያም ስለ ሽማግሌውም ጥቂት ነገርነው። ወንድማችን ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም። እስክንጨርስ ሰምቶን «እንግዲያስ አያ፥ ለሁለት ጅራፍ የሚሆን ቃጫ ከአንተ ይምጣ» አለን።

ቃጫውን ባለፈው ሳምንት ከገበያ ገዝተን በአውቶቡስ ልከንለታል።